ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት

ሐሙስ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አቶ ደጀኔ ጉርድ ሾላ ካለው መጋዘን በር ደረሱ። ሠላሳ ሦስት ዓመት በመንግሥት ቢሮ የሠሩ፣ አሁን የሰፈሩ እድር ሊቀመንበር የሆኑ፣ ሰዓት ማክበርን እንደ ጸሎት የሚያዩ ሰው ናቸው። ያም ሆኖ እዝራ ቀድሟቸው ነበር። እዝራ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በጭነት ክፍል በፈረቃ ስለሚሠራ ማለዳ መነሣት ለእሱ ብርቅ አይደለም።

«እትዬ የሉም እንዴ?» አሉ አቶ ደጀኔ።

«እኔም እሳቸውን ነው የምጠብቀው። ምን እንደፈለጉን ነግረውዎታል?»

«ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት በር ላይ እንገናኝ፣ ሌላውን ስንገናኝ ነው ያሉኝ። ያው የመኪናው ጭነት ጉዳይ ይሆናላ።»

እዝራ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ጥሪው ከተቆለፈው መጋዘን ውስጥ ተሰማ። ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። ዘበኛው ሊባን ሊነጋ ሲል ከገባበት ማደሪያው ቁልፉን ይዞ እየሮጠ መጣና ከፈተ።

ወይዘሮ ለተብርሃን በጀርባቸው ተንጋለዋል። ጭንቅላታቸው ከብረቱ ሚዛን እግር ሥር ነው፤ ደሙ ደርቋል። አጠገባቸው ከመደርደሪያው ጋር የተደገፈ መሰላል ቆሟል። ዓይናቸው ግማሽ ተከፍቶ ነበርና አቶ ደጀኔ ተንበርክከው ከደኑላቸው፤ ከዚያ በኋላ መነሣት አቅቷቸው እዝራ ደግፎ አነሣቸው።

ሟቿ ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነበር። ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሲፈነዳ፣ በመተማ በኩል እየሸሸ የሚገባው ሰው ባዶ እጁን መሬት ላይ ተኝቷል ሲባል ሰምተው፣ «እኛስ እድርተኛ አይደለንም ወይ? እድር ለሞተ ብቻ ነው ያለው ማን ነው?» ብለው ሰፈሩን ያስነሡ እሳቸው ናቸው። «እንደርሳለን» የሚባለው ማኅበር እንዲህ ተወለደ። በየወሩ አንድ የጭነት መኪና እህል፣ በሶ፣ ሳሙናና ልብስ ጭኖ ወደ ድንበሩ ይሄዳል፤ እትዬ ለተብርሃንም በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው ይሄዳሉ። የኅዳሩ መኪና አርብ ሊነሣ ነበር። አሁን መጋዘኑ ታሸገ፤ መኪናውም ቆመ።

ኢንስፔክተር ገንዘቤ ሁለት ሰዓት ሲሆን ደረሰች። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። ቀስ ብላ ትራመዳለች፣ ቀስ ብላ ትጠይቃለች፤ ሰው መልሱን ሲጨርስ ዝም ብላ ታየዋለች፤ ያኔ ሰውየው ያላሰበውን ይጨምራል። አለቃዋ ኮማንደር ተካልኝ፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ ያንቺ እንቁላል ግን ገና አልተጣለም» እያለ ይቀልድባታል። እሱ ዛሬም እንደ ልማዱ ቀድሟት ጨርሶ ነበር፤ ሊባን ታስሯል።

«ቁልፉ በእጁ። ሬሳ ላይ ቆልፎ ያደረ እሱ» አላት። «ነገ ሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል። እስከዚያ ሌላ ነገር ካገኘሽ አምጪ፤ ካላገኘሽ መዝገቡ በሱ ስም ይከፈታል።»

ሊባን ከሞያሌ በኩል ሁለት ጊዜ የተፈናቀለ ሰው ነው። ወደ መጋዘኑ የመጣው ብርድ ልብስ ሊለምን ነበር፤ እትዬ ብርድ ልብሱንም ሥራውንም ሰጡት። በዚህ ከተማ ዋስ የሚሆኑት አንድ ሰው ነበሩት፤ እሳቸውም አሁን አስከሬን ክፍል ናቸው።

ገንዘቤ መጋዘኑን ብቻዋን ዞረችው። መጀመሪያ ያየችው በሩ አጠገብ ከምስማር ላይ የተንጠለጠለውን የእትዬን ምርኩዝ ነው።

«አቶ ደጀኔ፣ እትዬ መሰላል ይወጡ ነበር?»

«መሰላል? እንኳን መሰላል፣ የቤተ ክርስቲያን ደረጃ እንኳ ሰው ደግፏቸው ነው የሚወጡት። ጉልበታቸው ከታመመ ሦስት ዓመቱ ነው።»

«እንግዲያው ማን ወጣበት?»

 ገንዘቤ ጫማዋን አውልቃ ወጣች። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ባዶ ካርቶኖች ተደርድረዋል። ከካርቶኖቹ ጀርባ አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተኝቷል፤ መሐሉ ላይ ግን ሦስት አራት ማዕዘን ቦታዎች ክፍት ናቸው። የመጀመሪያው ጥርት ያለ ነው። ሁለተኛው ሳሳ ያለ አቧራ አለበት። ሦስተኛው ከሁለቱም ይብሳል። ጣቷን አስነክታ አሸተተች፤ በሶ ነው።

ከታች ጥግ ላይ፣ በነገው መኪና የሚጫኑ በአቡጀዴ የተሰፉ ትናንሽ ጥቅሎች ተከምረዋል፤ አሥራ አንድ ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ የሰው ስም በእስክሪብቶ ተጽፏል። አቶ ደጀኔ አስረዷት። የስም ጥቅል ይባላል። ድንበሩ ላይ ዘመድ ያለው አባል በወር አንድ ጥቅል ሰፍቶ፣ የተቀባዩን ስም ጽፎ፣ ለእትዬ ይሰጣል። እዚያ ስልክ ስለማይሠራ እትዬ ጥቅሉን በእጃቸው አድርሰው፣ የተቀባዩን ሰላምታ በአፋቸው ይዘው ይመለሳሉ።

ገንዘቤ አንዱን ጥቅል አንሥታ መሰላሉን ወጣችና ከአቧራው ክፍት ቦታ ላይ አስቀመጠችው። ልክክ አለ።

ሊባንን ጣቢያ አገኘችው። ሲያያት ከወንበሩ ተነሣ።

«ተቀመጥ፣ ወንድሜ። ረቡዕ ማታ የሆነውን ንገረኝ።»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን መግሪብ ልሰግድ ሄድኩ። እትዬ ውስጥ ተቀምጠው ጆንያ ይሰፉ ነበር፤ ብቻቸውን ነበሩ። ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል፣ መብራቱ ጠፍቷል። ሄደዋል ብዬ ቆለፍኩ።»

«መብራቱ ጠፍቶ ነበር? እርግጠኛ ነህ?»

«ባይጠፋ ኖሮ ውስጡን አየው ነበራ!» አለ። «እናቴ ማለት ናቸው። በር ላይ ተቀምጬ ሊነጋ እስኪል ሬሳቸውን ስጠብቅ አደርኩ፤ አላወቅሁም።»

ገንዘቤ ዝም ብላ አየችው። የሚጨምረው አልነበረውም፤ ያለቅስ ጀመር። ከመሰላል ወድቆ የሞተ ሰው መብራት አያጠፋም፤ ይህን ለመረዳት ኮማንደር መሆን አያስፈልግም። የመጋዘኑ በር ላይ ደግሞ በአቶ ደጀኔ የእጅ ጽሑፍ «መጨረሻ የወጣ መብራት ያጥፋ» የሚል ተለጥፏል። መብራቱን ያጠፋው ሰው ይህን ጽሑፍ ዘወትር የሚያየው፣ እጁ የለመደው ሰው ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆኖ ነው እንጂ ሊባን ምን አደረገ!

የእትዬን ስልክ ከፈተች። ረቡዕ አሥር ተኩል ላይ ዘውዲ የምትባል የማኅበሩ አባል ደውላለች። ከዚያ በኋላ እትዬ ለሁለት ሰው ብቻ ነው የደወሉት፤ አንደኛው አቶ ደጀኔ፣ ሁለተኛው እዝራ።

እዝራን አውሮፕላን ማረፊያው ደጅ፣ በፈረቃ ዕረፍቱ አገኘችው።

«ባለፈው ሳምንት ከእትዬ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ተጣልተናል» አለ ሳያመነታ። «ወደ ድንበሩ የሚላከው መድኃኒት በቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች በኩል ቶሎ ይደርሳል አልኩ። እሳቸው 'በእጄ ካላደረስኩ አላምንም' አሉ። ድምፄን ከፍ አድርጌባቸዋለሁ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፤ ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ነው የሞቱት።»

«ረቡዕ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«እዚሁ ፈረቃ ላይ። መግቢያው ላይ ካርድ እናስነካለን፤ ጠይቂ።»

«አንተም የስም ጥቅል ትልካለህ?»

«ለአጎቴ ልጅ። ደርሶታል፤ ባለፈው እትዬ ፎቶ አንሥተውት መጥተዋል፣ ይኸው።» ስልኩን አሳያት። አንድ ቀጭን ሰውዬ ጥቅሉን እንደ ሕፃን ታቅፎ ይስቃል።

«ረቡዕ ሲደውሉልህ ድምፃቸው እንዴት ነበር?»

እዝራ አሰበ። «የከበደው ሰው ድምፅ። 'አንተም ና፣ ብርቱ ሰው ያስፈልጋል' አሉኝ። ሸክም መስሎኝ ነበር።»

ገንዘቤ ካርዱን አጣራች፤ እዝራ እስከ ማታ አንድ ሰዓት ከሥራው አልወጣም። አቶ ደጀኔም በዚያ ሰዓት ከእድሩ ዳኞች ጋር ተቀምጠው ነበር፤ አራት ሰው መስክሯል።

የቀረችው ዘውዲ ናት። ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም ትነግዳለች፤ የማኅበሩ በሶ በሙሉ ተቆልቶ የሚፈጨው በእሷ እጅ ነው፤ የእትዬ ቀኝ እጅ የሚሏትም እሷን ነው። ገንዘቤ ስትደርስ ሱቁ ግማሽ ተዘግቷል። ዘውዲ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከጆንያ ላይ ተቀምጣለች።

«ረቡዕ ለእትዬ ደውለሽ ነበር።»

«አዎ። ቀዶ ሕክምና አድርጌ ነበር፣ ነሐሴ ላይ። ረቡዕ ሐኪሙ 'አሁን ድነሻል' አለኝ፤ ደስ ብሎኝ ለማንም ሳልነግር ለእሳቸው ደወልኩ።»

«ምን አሉሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። ከዚያ ዝም አሉ።»

«ሐሙስ ማለዳ እንድትመጪ አልጠሩሽም?»

«አልጠሩኝም።»

«አይገርምም? ደጀኔን ጠርተው፣ እዝራን ጠርተው፣ አንቺን ትተው?»

ዘውዲ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። «ገና ከሕመም ስለተነሣሁ ይሆናል» አለች።

«ድንበሩ ላይ ዘመድ አለሽ አሉኝ።»

«ታናሽ እህቴ ሀይሚ። ካርቱም ሰው ቤት ትሠራ ነበር። በመተማ ነው የወጣችው። እዚያው የተጠለለው ሰው ልጆች እያስተማረች 'ትቼያቸው አልመጣም' ብላ ቀረች።»

«የዚህን ወር ጥቅሏን ከአሥራ አንዱ መሐል አላየሁትም።»

«አልደረሰልኝም» አለች ዘውዲ፤ ጠረጴዛው ላይ ያልነበረ አቧራ በመዳፏ ጠረገች።

ከሰዓት በኋላ በሰፈሩ ድንኳን ተተከለ። አስከሬኑ ለምርመራ ሆስፒታል ስለሆነ ቀብሩ አርብ ስድስት ሰዓት ነው ተባለ። ገንዘቤ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ከዳር ካለ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ እየተቀባበሉ ያለቅሳሉ፤ ስለ እትዬ ደግነት፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ መኪናው ይናገራሉ። ዘውዲ መሐል ገብታ ደረቷን ያዘች፤ ድምፅዋ ከሌሎቹ ሁሉ ለየ።

«አገር አቋርጬ ደርሼ ሳላይሽ፣
በሰው እጅ ገነዙሽ፣ በሰው እጅ ቀበሩሽ።»

ሴቶቹ «ወይኔ» እያሉ ተቀበሏት። በለቅሶ መሐል ግጥም የሚመረምር ማን አለ? ገንዘቤ ግን የያዘችውን ውኃ መሬት አስቀመጠች። ሟቿ ገና አልተገነዙም፣ ገና አልተቀበሩም፤ አገር ማቋረጥም አያስፈልግም፣ ሆስፒታሉ ሃያ ደቂቃ ነው።

ተነሥታ አቶ ደጀኔ አጠገብ ተቀመጠች።

«እድሩ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ስብሰባ ጠርቶ ያውቃል?»

«ኧረ በጭራሽ! በዚያ ሰዓት ሰው የሚሰበሰበው ለ...» አፋቸው ላይ ቀረ። ነጭ ጺማቸውን ጨበጡ። «ለመርዶ ነው» አሉ በዝግታ። «ሽማግሌ ጠርቶ፣ ብርቱ ሰው ይዞ፣ ሰው ከአልጋው ሳይወርድ... ወይ እኔ ደደቡ! የማንን መርዶ?»

ገንዘቤ ተነሣች። በራሷ አፍራለች። ወንድሟ የሞተ ጊዜ መርዶው የመጣላት በስልክ ነበር፤ ቢሮ ተቀምጣ፣ አንድ የማታውቀው ሰው «አዝናለሁ» ብሎ በጽሑፍ ላከላት። ያን ቀን የሚይዛት ሰው አልነበረምና ጠረጴዛውን ይዛ አለቀሰች። ማለዳ የሚመጣ ሽማግሌ ምን ማለት እንደሆነ የረሳችው ለዚያ ሳይሆን አይቀርም።

በጣቢያው ሬዲዮ በኩል ከመተማ ፖሊስ፣ ከዚያም የተጠለሉትን ከምታክም ሳምራዊት ከምትባል ነርስ ጋር ለመገናኘት ሁለት ሰዓት ፈጀባት። የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው። መልሱን ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ ለአቶ ደጀኔና ለእዝራ ደወለች።

«ነገ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት» አለቻቸው። «ሾላ ገበያ አጠገብ።»

አርብ ማለዳ የኅዳር ብርድ አጥንት ይሰብራል። አምስት ሆነው ከዘውዲ ኪራይ ቤት በር ቆሙ፤ አቶ ደጀኔ፣ እዝራ፣ ገንዘቤ፣ ሊባንና ሊባንን የያዘው ፖሊስ። አቶ ደጀኔ በከዘራቸው አንኳኩ።

ዘውዲ ከፈተች። ለብሳለች፤ አልተኛችም። ሽማግሌውን አየች፣ እዝራን አየች።

«ግቡ» አለች።

ገቡና ተቀመጡ። ገንዘቤ ግን ቆማ ቀረች።

«ዘውዲ፣ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ሽማግሌ በሩ ላይ ያየ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነው። 'ማን ሞተ?' ይላል። አንቺ 'ግቡ' አልሽ።»



«ምን ማለትሽ ነው?» አለ እዝራ።

«ከመጀመሪያው ልንገራችሁ» አለች ገንዘቤ። «እትዬ መሰላል አይወጡም፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ወጥቶበታል። መብራቱን ያጠፋውም እሱ ነው፣ በልማድ። ላይ መደርደሪያው ላይ ሦስት የስም ጥቅሎች ተደብቀው ነበር። በአንድ ቀን አልተቀመጡም፤ የመጀመሪያው ቦታ ንጹሕ ነው፣ ሁለተኛው ጥቅል ሲመጣ ግን አቧራ ጀምሮ ነበር፣ ሦስተኛው ሲመጣ ደግሞ ብሷል። በየወሩ አንድ አንድ ማለት ነው፤ ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት።»

«እትዬ ጥቅል ይደብቃሉ?» አሉ አቶ ደጀኔ ተቆጥተው። «የሰው አደራ?»

«አደራ ስለሆነ ነው የደበቁት። ተቀባዩ በሕይወት ያለ ቢሆን ያደርሱት ነበር። ተቀባይዋ ከሞተች ግን ለማን ይስጡት? ሳያስፈቅዱ ለሌላ መስጠት አልሆነላቸውም። ለለቅሶዋ ቀን አስቀመጡት።» ገንዘቤ ወደ ዘውዲ ዞረች። «በዚያ ወራት መሰላል እንዳትወጪ የተከለከልሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ከአንቺ የተደበቀ ነገር ላይ ይቀመጣል። ነሐሴ ላይ ቁስልሽ አልደረቀም፤ መርዶ ይገድልሻል ብለው ፈሩ። ከዚያ ዛሬ ነገ ሲሉ ሦስት ወር ሆነ። ረቡዕ 'ድኛለሁ' ብለሽ ስትደውዪ ግን ሰበብ አለቀባቸው። ስልኩን ዘግተው ወዲያው ሽማግሌ ጠሩ፣ ብርቱ ሰው ጠሩ። ቀኝ እጃቸውን ግን አልጠሩም። ለመርዶ የማይጠራው ባለመርዶው ብቻ ነው።»

«ይሄ እሷ ማወቋን አያሳይም» አለ እዝራ። ድምፁ የሚለምን ነበር።

«አያሳይም። ሆስፒታል ተኝታ እንኳ ለእህቷ ጥቅል የላከች ሰው በዚህ ወር አልላከችም። ለእህቱ መላክ ያቆመ ሰው እህቱ እንደሌለች ያወቀ ሰው ነው። ትናንት ድንኳን ውስጥ ደግሞ 'በሰው እጅ ቀበሩሽ' ብለሽ አለቀስሽ። እትዬ አልተቀበሩም ነበር፣ ዘውዲ። ማንን ነው ያለቀስሽው?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በመስኮቱ ብርሃን ገባ፤ የሁሉንም ፊት አሳየ። ዘውዲ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት» አለች። «ድኛለሁ፣ አሁን በራሴ እጅ የሀይሚን ጥቅል እሰፋለሁ ብዬ። ጨርቅ ላወርድ ስወጣ የገዛ ስፌቴን ከካርቶን ጀርባ አየሁት። 'ለሀይሚ' ይላል፤ የእጄ ጽሑፍ። ሦስቱም። መጀመሪያ የሰረቁኝ መሰለኝ። 'እትዬ፣ እህቴን በረሃብ ልትገድሉብኝ ነው?' አልኳቸው። እሳቸው 'ነገ ማለዳ ከሽማግሌዎች ጋር ቤትሽ እመጣለሁ፣ ያኔ እነግርሻለሁ' አሉኝ።» መዳፏን አፏ ላይ አደረገች። «ማለዳ! ከሽማግሌ ጋር! ከዚህ ወዲያ ምን ቀረ? መስከረም ላይ እኮ 'ሰላም ብላሻለች፣ ወፍራለች' ብለውኛል። እኔም ደስ ብሎኝ ጎረቤት ሁሉ አውርቻለሁ፣ እህቴ ወፈረች ብዬ።»

አቶ ደጀኔ ማልቀስ ጀመሩ።

«'እኔው ገንዤ እኔው ቀብሬያታለሁ፤ ብቻዋን አልሄደችም' አሉኝ። ሊያቅፉኝ እጃቸውን ዘረጉ። 'ያለ እኔ!' ብዬ ገፈተርኳቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጉልበታቸውን ረሳሁት። ብጠራቸው ዝም አሉ። ጥቅሎቼን ይዤ ወጣሁ።»

«መብራቱንም አጠፋሽ።»

«አጠፋሁ እንዴ?» አለች ዘውዲ። በእውነት አታስታውስም።

«ሊባን ሲታሰር ለምን ዝም አልሽ?»

ዘውዲ ሊባንን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። «ዛሬ ከቀብሩ በኋላ ልመጣ ነበር። ሀይሚን በእጄ አፈር አላለበስኳትም። አንዷን እንኳ በዓይኔ አይቼ ልቅበር ብዬ ነው። ይቅር በለኝ።»

ሊባን የታሰሩ እጆቹን አየ። ከዚያ፣ «እኔም እናቴን የቀበርኳት በወሬ ነው» አለ። ገንዘቤ ለፖሊሱ ምልክት ሰጠችው፤ ካቴናው ተፈታ።

«አቶ ደጀኔ» አለች ገንዘቤ። «እትዬ የጀመሩትን ይጨርሱልን።»

«ታውቀዋለች እኮ፣ ልጄ።»

«ታውቀዋለች። አልተነገራትም ግን።»

አቶ ደጀኔ ተነሡ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ነርሷ ያለችውን ገንዘቤ በመንገድ ላይ ነግራቸው ነበር። እዝራ ከዘውዲ በቀኝ፣ ገንዘቤ በግራ ተንበርክከው እጆቿን ያዙ፤ ልማዱ ነው፣ ራሷን እንዳትጎዳ።

«ልጄ ዘውዲ» አሉ ሽማግሌው። «እህትሽ ሀይሚ ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን፣ በአተት ታማ አርፋለች። ወይዘሮ ለተብርሃን በገዛ ነጠላቸው ገንዘው ቀብረዋታል። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ዘውዲ ጮኸች። ከረቡዕ ጀምሮ የምታውቀውን አሁን ገና እንደሰማች ጮኸች፤ ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ከፍቶ ወጣ። ገንዘቤ አጥብቃ ያዘቻት። ወንጀለኛ ይዛ ያለቀሰችው በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ ያን ቀን ብቻ ነው፤ ማንም አይቶ ቢሆን ግድ አልሰጣትም።

ሲረጋጉ ዘውዲ ከአልጋዋ ሥር ሦስቱን ጥቅሎች አወጣች። «መጋዘኑ ሲከፈት ይሂዱ» አለች። «ስሙን ሰርዙት። እዚያ ሀይሚ የምታስተምራቸው ልጆች አሉ።» ሊባን ተቀብሎ ታቀፋቸው።

«እንሂድ» አለች ገንዘቤ።

ዘውዲ ተነሣች፤ ደጃፉ ላይ ቆመች። «እሳቸው የእኔን ቀብረዋል። እኔ የእሳቸውን አልቀብርም?»

ገንዘቤ ሰዓቷን አየች። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው። ጣቢያ እስኪደርሱ፣ ቃሏን እስክትሰጥ፣ ኮማንደሩ እስኪቆጣ ድረስ ሁሉ ጊዜ አለ። «ኮማንደሩን ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ» አለች።

ስድስት ሰዓት ላይ ዘውዲ በሁለት ሴት ፖሊሶች መሐል ሆና ከጉድጓዱ ዳር ቆመች። የሆነውን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ነበርና ሰዉ ፈንጠር ብሎ ቆመ፤ ማንም ግን ሂጂ አላላትም። ጎንበስ ብላ አፈር ዘገነች።

«እህቴን በእጅሽ አፈር አልብሰሽ፣
በእጄ ጥዬሽ በእጄ ቀበርኩሽ።»

ይህን የተቀበለ ሰው የለም። ቆየት ብሎ አቶ ደጀኔ ብቻቸውን «ወይኔ» አሉ፤ ከዚያ ሴቶቹም አንድ በአንድ ተቀበሏት።

የመጋዘኑ እሽግ ተፈትቶ መኪናው ከጉርድ ሾላ የተነሣው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሦስቱ ጥቅሎች ከሁሉም በላይ ነበሩ፤ በገመድ ያሰራቸው ሊባን ነው። ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር ባዶ እንዳይሄድ፣ እዝራ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ ተቀመጠበት።